ማኅተም የማይመታበት ብር፦ ስለ ናሙና ቁጥር 44 የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የሪያል ዴ ሳን ኤሊሂዮ ከተማ የብር ሠሪዎች ማኅበር፣ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2019
ቦታ፦ የማኅበሩ አዳራሽ፣ ከዶን ባልዶሜሮ ዳቦ ቤት በላይ ያለው ፎቅ
ሰዓት፦ ለ10 ሰዓት ተጠርቶ ከቀኑ 10፡50 ተጀመረ

የተገኙ አባላት
1. ዶን ክሪሶፎሮ ባሪዮስ፣ ሰብሳቢ
2. ዶን ፉልሄንሲዮ ኦካኛ፣ ማኅተም ጠባቂ
3. ዶኛ ሬሚሂያ ፓስትራና፣ የባለ ሱቆች ተወካይ
4. ናቦር ካስትሬሆን፣ ሰንሰለት ሠሪ
5. ፌሊክስ ካስትሬሆን፣ ሰንሰለት ሠሪ፣ የናቦር መንትያ
6. ኤርሜሊንዳ አርሴ፣ ብር ወልዋይ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ
7. ቅዱስ ኤሊሂዮ፣ የብር ሠሪዎች ጠባቂ ቅዱስ፣ በሐውልት

ድምፅ ሳይኖራቸው የተገኙ፦ የአዳራሹ አከራይ ዳቦ ጋጋሪው ዶን ባልዶሜሮ፤ ጥያቄ አቅራቢዋ ሲትላሊ ባዬና

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በደንቡ ከአሥራ ሦስቱ አባላት ሰባቱ ካልተገኙ ማኅበሩ መወሰን አይችልም። የመጡት ስድስት ናቸው። ስለዚህ በ1987 በተላለፈው ውሳኔ መሠረት የቅዱስ ኤሊሂዮ ሐውልት ሰባተኛ አባል ሆኖ ተቆጥሯል። ዶኛ ሬሚሂያ "ከሁላችን መካከል ከስብሰባ ቀርቶ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ደግሞ ነገር አያበዛም" ብለዋል። ተቃውሞ አልቀረበም።

ባለፈው ስብሰባ ማን ማንን "ቆርቆሮ ቀጥቃጭ" እንዳለ ሳይመዘገብ ቀርቶ ከስብሰባው በኋላ ጠብ ተነሥቶ ነበር። ይህ እንዳይደገም ሰብሳቢው ከዛሬ ጀምሮ የተባለው ሁሉ እንደተባለ እንዲጻፍ አዝዘዋል። ጸሐፊዋ በዝግታ ስለምትጽፍ፣ ተናጋሪ ሁሉ ጥቂት ተናግሮ እጇ እስኪቆም እንዲጠብቅ፣ የሚቆጣም ሰው እንዲሁ እንዲያደርግ በአንድ ድምፅ ተወስኗል። ጸሐፊዋ በአንቀጽ 11 መሠረት ካልተጠየቀች አትናገርም። አንቀጹ የወጣው ከእሷ በፊት የነበረው ጸሐፊ የራሱን ንግግር ብቻ እየጻፈ ስላስቸገረ ነው።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ዶን ፉልሄንሲዮ እንደማያጸድቁ ተናገሩ። ምክንያታቸው ባለፈው ስብሰባ ተቆጥተው ከወጡ በኋላ ስብሰባው ሳያስፈቅዳቸው መቀጠሉ ነው። ሰብሳቢው "አበልጄ፣ አንተ በወጣህ ቁጥር ብንበተን እኮ እስከ ዛሬ አንድ ስብሰባ አልጨረስንም ነበር" አሉ። ዶን ፉልሄንሲዮ "አትጨርሱዋ!" አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ዶን ፉልሄንሲዮ በሩን እስከዘጉበት መስመር ድረስ እንዲጸድቅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ሲትላሊ ባዬና ስለ ጠየቀችው ሃያ ግራም ብር

ሲትላሊ የከተማችን ልጅ ናት። በዋናው ከተማ ዩኒቨርሲቲ በዓይን የማይታዩ ሕያው ነገሮችን ታጠናለች። ጥያቄዋን እንዲህ አቅርባለች።

በአፉ መብላት ላቃተው ሕመምተኛ በደም ሥሩ ቱቦ ይገባለታል። አንዳንድ ጊዜ በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የእርሾ ወገን የሆነ ፈንገስ ይጣበቃል። ፈንገሱ ለብቻው ሲንሳፈፍ መድኃኒት ይገድለዋል። ብዙ ሆኖ ሲቀመጥ ግን ንፍጥ የመሰለ ሽፋን ያበጅና ከሥሩ ይገባል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ከላይ ከላይ ይቀራል።

ሰብሳቢው አሁንም እንዳልገባቸው ገልጸው ቀለል አድርጋ እንድትናገር ጠየቋት። ሲትላሊ "ዶን ክሪሶፎሮ፣ በቃ ተሰብስበው አንድ ቦታ ይቀመጣሉ። እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ከውጭ የመጣ ነገር አያስገቡም። አንዴ ከተቀመጡ ደግሞ የሚያነሣቸው የለም" አለች። ዶኛ ሬሚሂያ "እንዴ ልጄ፣ ማኅበራችንን ነው እንዴ የምታጠኚው?" ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ሥነ ሥርዓት እንዲከበር አሳሰቡ።

ሲትላሊ በመቀጠል፣ ብር እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ሆኖ ሲሠራ ሽፋኑን ሰርስሮ ገብቶ ፈንገሱን ሊገድል እንደሚችል አስረዳች። የአንዱ ቅንጣት ውፍረት አንድ ጠጉር ለአሥር ሺህ ቢሰነጠቅ የሚገኘውን ያህል ነው። ዶን ፉልሄንሲዮ ከራሳቸው ላይ አንድ ጠጉር ነቅለው ወደ መስኮቱ አነሡና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

ከዚያም "አንቺ የፓቺታ ልጅ፣ ነገሩ ይሠራል ወይስ አይሠራም?" ብለው ጠየቁ። ሲትላሊ "አላውቅም። ሌሎች በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ሞክረው ተስፋ አይተውበታል። ሲበዛ ግን የሰውንም ገላ ይጎዳል። ስንት እንደሚበቃ ለማወቅ ነው የምሞክረው" አለች። ዶን ፉልሄንሲዮ "ለማታውቂው ነገር ነው ብር የምንሰጥሽ?" አሉ። ሲትላሊ "ባውቀውማ ምን አስለመነኝ" አለች። ዶን ፉልሄንሲዮ ተቆጡ። ጸሐፊዋ ስትጽፍ ስለነበረ ቁጣቸውን ይዘው ጠበቁ። እጇ ሲቆም የሚቆጡበትን ነገር እንደረሱት ተናግረው ተቀመጡ።

ሰብሳቢው ስብሰባው ለምን አስቸኳይ እንደሆነ ጠየቁ። ሲትላሊ መጀመሪያ ወደ ጸሐፊዋ ተመለከተች። ከዚያም የምትሞክርበት ፈንገስ ናሙና ቁጥር 44 እንደሚባል፣ በበረዶ ተይዞ እንደሚገኝ፣ ዓርብ ዓመት ስለሚሞላው በአሠራሩ መሠረት እንደሚጣል ገለጸች። ሙከራው እስከ ዓርብ ከተመዘገበ ግን አይጣልም። ሙከራ የሚመዘገበው ደግሞ ብሩ በእጅ መኖሩ ሲታይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ያዘዘው ብር የሚመጣው በጃንዋሪ ነው።

ዶን ባልዶሜሮ "ሌላ ፈንገስ ጠፍቶ ነው? እዚህ ሥር መጸዳጃ ቤቴ ውስጥ ሞልቶልሽ የለም?" አሉ። ሲትላሊ "ይሄኛው መድኃኒት ሁሉ የተሞከረበትና ያልሞተ ነው፣ ዶን ባልዶሜሮ" አለች። ከማን የተወሰደ እንደሆነ ተጠየቀች። ከኦዲሊያ ቱቦ የተወሰደ መሆኑን ተናገረች።

ለመዝገቡ እንዲሆን፦ ኦዲሊያ የጸሐፊዋ ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት ኖቬምበር፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ በቱቦ ሠላሳ አንድ ቀን ቆይታ ሞታለች። ሰብሳቢው "ኤርሜሊንዳ፣ ይሄን ባትጽፊውም ይቻላል" ብለዋል። የተባለው ሁሉ እንዲጻፍ መወሰኑን ዶኛ ሬሚሂያ አስታውሰዋል። ተጽፏል።

በዚህ ጊዜ ዶን ፉልሄንሲዮ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ። ጸሐፊዋ በጉዳዩ የግል ጥቅም ያላት ስለሚመስል ድምፅ መስጠቷ እንዲታሰብበት ጠየቁ። "እንደ ወንድም ነው የምናገረው፣ እንዳትቀየሚኝ፤ ደንብ ስለሆነ ነው" ብለዋል። ሰብሳቢው ለጸሐፊዋ የመናገር ፈቃድ ሰጥተው በዚህ ነገር ምን ጥቅም እንዳላት ጠየቋት።

ጸሐፊዋ "ሞቶ ማየት እፈልጋለሁ" ብላ መለሰች።

የፈንገስን ሞት መመኘት ጥቅም ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል። ዶን ባልዶሜሮ ድምፅ ባይኖራቸውም ጥቅም ነው አሉ። ዶኛ ሬሚሂያ "እስቲ እርስዎ ዝም ብለው ዳቦዎን ይጋግሩ!" አሏቸው። ዶን ባልዶሜሮ ሊጡ ገና እንዳልነፋ ገለጹ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጥቅም አለመሆኑ ታምኖበት፣ ይሁን እንጂ ጥቅም ቢሆን ኖሮ በሚል ጥንቃቄ ጸሐፊዋ ድምፀ ተአቅቦ እንድታደርግ ተወስኗል። ቅዱስ ኤሊሂዮም ድምፀ ተአቅቦ ስለሚያደርግ ብቻዋን እንዳልሆነች ሰብሳቢው ገልጸውላታል።

አጀንዳ 3፦ ቅንጣቶቹ ላይ ማኅተም ስለ መምታት

ዶን ፉልሄንሲዮ አንቀጽ 4ን ቆመው አነበቡ። "ከሪያል ዴ ሳን ኤሊሂዮ የሚወጣ ማንኛውም የብር ዕቃ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ 925 የሚለው የጥራት ቁጥርና የሠሪው ማኅተም ሳይመታበት የከተማውን መግቢያ አያልፍም።" ይህ አንቀጽ ከሌላ አገር የመጣ ነጭ ብረት በከተማችን ስም ተሽጦ ካዋረደን ጊዜ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተጣሰ፣ እሳቸው በሕይወት እያሉም እንደማይጣስ አስታወቁ። "ትንሽም ይሁን ይላል። በጣም ትንሽ ሲሆን ይቅር አይልም" አሉ።

ሲትላሊ ቅንጣቶቹን የምትሠራው እዚያ ቤተ ሙከራዋ ውስጥ እንደሆነ፣ ከዚህ የምትወስደው ያልተሠራ ብር እንደሆነ አስረዳች። ዶን ፉልሄንሲዮ ማኅበሩ ያለው ብር ሁሉ ማኅተም ያለበት ጡብ እንደሆነ፣ ማኅተም ያለበትን ብር አቅልጦ ማኅተሙን ማጥፋት ደግሞ በአንቀጽ 5 ከማኅበር እንደሚያስባርር መለሱ። ስለዚህ ጡቡ ከተሰጠ፣ የሚወጣው ቅንጣት እያንዳንዱ ማኅተሙን መልሶ ማግኘት አለበት።

ሰብሳቢው የቅንጣቶቹ ብዛት ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ሲትላሊ ከአንድ ግራም ብቻ ቢያንስ 100,000,000,000,000,000 ቅንጣት እንደሚወጣ ተናገረች። ጸሐፊዋ ዜሮዎቹን እስክትጽፍ ጉባኤው ጠበቀ። ዶኛ ሬሚሂያ ከጎን ሆነው ቆጥረው አንድ ዜሮ እንደጎደለ አመለከቱ። ተጨምሯል።

ዶን ፉልሄንሲዮ በደህና ቀን አራት መቶ ማኅተም እንደሚመቱ አስታወቁ። ሲትላሊ በስልኳ አስልታ ለአንዱ ግራም ብቻ ከ680 ቢሊዮን ዓመት በላይ እንደሚፈጅ ገለጸች። ዶን ፉልሄንሲዮ የበዓል ቀናት ታስበው እንደሆነ ጠየቁ። አልታሰቡም። ዶኛ ሬሚሂያ "እስከ ዓርብ ይደርስልሻል ብዬ አላስብም፣ ልጄ" አሉ።

የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል። ሰብሳቢው 925 ከሚለው ይልቅ ቦታ ለመቆጠብ 9 ብቻ እንዲመታ ሐሳብ አቀረቡ። ዶን ፉልሄንሲዮ 9 ብቻ የሚል ብር ከመቶ ዘጠኝ እጅ ነው ተብሎ ሊታማ እንደሚችል ተናግረው ተቃወሙ። ቀጥሎም ቅንጣቶቹ እንዳይሸሹ በሰም ላይ ተጣብቀው እንዲመቱ ሐሳብ ቀረበ። ሲትላሊ ማኅተሙ ራሱ ከቅንጣቱ በብዙ ሺህ ጊዜ እንደሚበልጥ ገለጸች። ዶን ፉልሄንሲዮ "አንቺ ማኅተሜን ልትለኪ ነው የመጣሽው?" ብለው ጮኹ። ሰብሳቢው ጸሐፊዋ ጩኸቱን እስክትጽፍ እንዲታገሡ ለመኗቸው። ታገሡ። ከዚያ ከቆሙበት ቀጥለው ጮኹ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ እያንዳንዱ ቅንጣት ማኅተም እንዲመታበት፤ ለዚሁ ሥራ ለዶን ፉልሄንሲዮ አንድ ጥሩ አጉሊ መነጽር እንዲገዛ፤ የዓይናቸው ነገር ደግሞ ከዚህ ቀደም በሁለት ስብሰባ ስለተነሣና ስላስቀየማቸው እንዳይነሣ ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ ዶን ባልዶሜሮ ያቀረቡት አቤቱታ

ዶን ባልዶሜሮ የመናገር ፈቃድ ተሰጥቷቸው እንዲህ አሉ። "እኔ ግልጽ ሰው ነኝ። እርሾ ይገደል እየተባለ እላዬ ላይ ስብሰባ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ከሥር እርሾ አለኝ። ከአያቴ የወረስኩት ነው። ለሙታን በዓል ሦስት ሺህ ዳቦ የጋገርኩበት ነው። ይህ የብር ብናኝ በወለሉ ስንጥቅ ወርዶ ሊጤ ላይ ቢገባ ማን ይጠየቃል?"

ሲትላሊ የዳቦው እርሾ ሌላ፣ የታማሚው ፈንገስ ሌላ እንደሆነ አስረዳች። ዶን ባልዶሜሮ ዝምድና አላቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ሲትላሊ "በሩቁ" አለች። ዶን ባልዶሜሮ "አየሽ! ዘመድ ናቸው" አሉ። ዶኛ ሬሚሂያ "የዶን ባልዶሜሮም የእህት ልጅ እስር ቤት ነው፤ እሳቸውን ግን ማንም አላሰራቸውም" ብለዋል። ዶን ባልዶሜሮ ይህ እንዳይመዘገብ ጠየቁ። የተባለው ሁሉ እንዲጻፍ በመወሰኑ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ማኅበሩ በደግ እርሾና በክፉ እርሾ መካከል ልዩነት እንዲያደርግ፤ ደግ እርሾ ምንም እንደማይደርስበት የሚገልጽ ማስታወቂያ በሊጥ ገንዳው ላይ እንዲለጠፍ፤ ማስታወቂያውን ቅዱስ ኤሊሂዮ እንዲፈርምበት ተወስኗል። ቅዱሱ እንዴት እንደሚፈርም ወደፊት ይታያል።

አጀንዳ 5፦ ማኅተም የማይመታበት ነገር ብር ነው ወይስ አይደለም

ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል ሲትላሊ ወደ ዋናው ከተማ የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ በ12 ሰዓት ተኩል እንደሚነሣ አሳስባ ቁርጡ እንዲነገራት ጠየቀች። "ስጡኝ ወይም አትስጡኝ፤ ብቻ ንገሩኝ" ብላለች።

ዶን ፉልሄንሲዮ ነገሩን ለመቋጨት አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። በከተማችን ብር ማለት ማኅተም የሚቀበል ነገር ማለት እንደሆነ፣ ማኅተም የማይቀበል ነገር ደግሞ ቆሻሻ እንደሆነ ተናገሩ። ለዚህም የወልዋዮችን ልማድ ጠቀሱ። ወልዋይ ብሩን በሚሽከረከረው ብሩሽ ስትወለውል የሚበነው ጥቁር ዱቄት ከማሽኑ ሥር ባለው ሳጥን ይጠራቀማል። ያ ዱቄት ለሥራ ቤቱ ባለቤት አይቆጠርም፣ ማንም አይመዝነውም፤ ከድሮ ጀምሮ የወልዋይዋ ነው። "ለምን? ማኅተም ስለማይመታበት! ዱቄት ላይ ማኅተም ብትመታ ጠረጴዛውን ነው የምትመታው። ስለዚህ ቆሻሻ ነው። የዚች ልጅ ቅንጣትም ቆሻሻ ነው። ማኅበሩ ደግሞ ብር እንጂ ቆሻሻ አይሰጥም። አለቀ!"

ዶኛ ሬሚሂያ ሐሳቡ ልጅቷን በትሕትና ለማባረር የተፈጠረ እንደሆነ ተናግረው ተቃወሙ። "አንተ ፉልሄንሲዮ፣ በዚህች ሴት ፊት እንዲህ ስትናገር ትንሽ አታፍርም?" አሉ። ዶን ፉልሄንሲዮ "እኔ የማዝን አይመስልሽም? ሬሳ ሣጥኑን የተሸከምኩት እኔ አይደለሁም? ግን ለእሷ ብዬ ዛሬ አንቀጽ 4ን ብጥሰው ነገ ማን ያከብረዋል?" ብለው መለሱ። ይህንን ሲሉ ጸሐፊዋን አልጠበቁም። ጸሐፊዋ ደርሳ ጽፋዋለች።

ድምፅ ተሰጠ። ሰብሳቢው፣ ዶን ፉልሄንሲዮ፣ ናቦርና ፌሊክስ ደገፉ። ዶኛ ሬሚሂያ ተቃወሙ። ጸሐፊዋና ቅዱስ ኤሊሂዮ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ።

በዚህም መሠረት ማኅተም ያልተመታበት ነገር በማኅበሩ ዘንድ ብር እንዳይባል፣ ስለሱም ማኅበሩ እንዳይጠየቅና እንዳይጠይቅ፣ የሲትላሊ ጥያቄም ውድቅ እንዲሆን በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል። ሲትላሊ ጉባኤውን አመስግና ደብተሯን መሰብሰብ ጀመረች።

በዚህ ጊዜ የጸሐፊዋ እስክሪብቶ አለቀ። ሌላ ለማምጣት ፈቃድ ጠይቃ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የዶን ክሪሶፎሮ ሥራ ቤት፣ ወደ ማሽኗ ሄደች። ሲትላሊንም ይዛት ሄደች። ለአሥራ አንድ ደቂቃ የጻፈ ሰው የለም። የተባለውን ዶኛ ሬሚሂያ በኋላ ነግረዋታል። የተባለው ከሥር የሚመጣው የዳቦ ሽታ እንደሚያስርብ ነው።

ጸሐፊዋ ስትመለስ ሲትላሊ ከኋላዋ የኮምጣጤ ቃሪያ የነበረበት ትልቅ ቆርቆሮ ታቅፋ ቦርሳዋን ለመውሰድ ገባች። ዶን ፉልሄንሲዮ ቆርቆሮው ምን እንደያዘ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ስለተጠየቀች "የማሽኔ ሳጥን ቆሻሻ ነው" ብላ መለሰች። ዶን ፉልሄንሲዮ ከፍተው አዩት። ጥቁር ዱቄት ነው። ሌላው ወልዋይ ሁሉ ሳጥኑን በየዓመቱ ለገና ብሩን ለሚያጣራ አንጣሪ ይሸጣል። የጸሐፊዋ ሳጥን ባለፈው ገና ስላልተሸጠ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነው። ዶን ፉልሄንሲዮ ሲትላሊን በዚህ ምን እንደምታደርግ ጠየቋት። ሲትላሊ "የመወልወያውን ሰም አቃጥዬ፣ በአሲድ አሟሙቼ፣ መዳቡን እለይና የቀረውን አያለሁ" አለች። ዶን ፉልሄንሲዮ "ቆሻሻ ይዘሽ ያን ሁሉ መንገድ!" ብለው አዘኑላት። ቆርቆሮው ከባድ ስለነበረ በሩን የከፈቱላት፣ ደረጃውንም እስከ ታች የሸኟት እሳቸው ናቸው። በዚህ ጊዜ 12 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነበር።

አጀንዳ 6፦ ድንገት የተነሣ ጉዳይ

ሰብሳቢው ስብሰባውን ለመዝጋት ሲዘጋጁ ናቦር ካስትሬሆን እጁን አወጣ። ናቦርና ፌሊክስ አባል ከሆኑ ዘጠኝ ዓመታቸው ሲሆን እስከ ዛሬ አንዳቸውም ተናግረው አያውቁም። ጉባኤው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

ናቦር "እኛ ቤት ለገና የሠራነው ስምንት ኪሎ ሰንሰለት አለ" አለ።

ፌሊክስ "ገና ማኅተም አልተመታበትም" አለ።

ናቦር "እና ቆሻሻ ነው ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ ሰብሳቢው በራሳቸው ሥራ ቤት ማኅተም የሚጠብቁ አርባ ሁለት ሳህኖችና አንድ የቤተ ክርስቲያን መቅረዝ እንዳሉ አስታወሱ። ዶኛ ሬሚሂያ ማኅተም ያልተመታበት ነገር ቆሻሻ ከሆነና ማኅበሩም ስለ ቆሻሻ የማይጠይቅ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ማንም ሰው ጆንያ ይዞ ሥራ ቤቶቹን ቢያጸዳላቸው ሊመሰገን እንደሚገባው ተናገሩ። ዶን ባልዶሜሮ የቆሻሻ መኪናው ሐሙስ ጠዋት እንደሚያልፍ አስታወቁ።

ሰብሳቢው "አበልጄ፣ ምን ጉድ ውስጥ ከተትከን?" አሉ። ዶን ፉልሄንሲዮ "እጅህን ያወጣኸው አንተ! እኔ እጅህን ይዤ አነሣሁት?" አሉ። ሰብሳቢው "አንተ በአንድ ዓይንህ ቅንጣት ልትመታ የተነሣህ ሰው ነህ የምትመልስልኝ?" አሉ። የዓይናቸው ነገር እንዳይነሣ በአጀንዳ 3 መወሰኑን ዶን ፉልሄንሲዮ አስታወሱ። ሰብሳቢው ያም ውሳኔ አብሮ ይሻር አሉ።

የአጀንዳ 5ን ውሳኔ ብቻ መሻር ይቻል እንደሆነ ተጠየቀ። ዶን ፉልሄንሲዮ በደንቡ አንድ ስብሰባ እንደ አንድ ሰንሰለት እንደሚቆጠር፣ አንድ ቀለበት ከተፈታ ሁሉም እንደሚፈታ አስረዱ።

ከአጭር ውይይት በኋላ፦ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በአምስት ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በሁለት ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። በዚህም መሠረት ቅንጣቶቹ ላይ ማኅተም አይመታም፤ አጉሊ መነጽሩ አይገዛም፤ ደግና ክፉ እርሾ እንደ ቀድሞው አንድ ናቸው፤ ማኅተም ያልተመታበት ብርም ብር ነው።

ዶን ፉልሄንሲዮ ገና እጃቸውን ሳያወርዱ "ቆርቆሮው!" ብለው ጮኹ። ዱቄቱ እንደገና ብር ስለሆነ ማኅተም ሳይኖረው ከከተማ መውጣት እንደማይችል ተናገሩ። ሰብሳቢው በአንቀጽ 9 መሠረት የወጣ ብር የሚመለሰው በመጠየቂያ ቅጽ እንደሆነ ገለጹ። ጸሐፊዋ ቅጹን እንድትሞላ ታዘዘች። ቀኑን ጻፈች። ከተማውን ጻፈች። ሦስተኛው መስመር የሚመለሰው ዕቃ የማኅተም ቁጥር ይላል። ጸሐፊዋ ሰብሳቢውን ስንት ብላ እንደምትጽፍ ጠየቀች። ሰብሳቢው ወደ ዶን ፉልሄንሲዮ ተመለከቱ። ዶን ፉልሄንሲዮ ማኅተም እንደሌለው ተናገሩ። ሰብሳቢው ይህ መስመር ያልተሞላ ቅጽ ዋጋ እንደሌለው አንቀጽ 9ን ያወጡት ዶን ፉልሄንሲዮ ራሳቸው መሆናቸውን አስታወሱ። ዶን ፉልሄንሲዮ አልካዱም። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ሃያ ግራም ይወጣዋል" አሉ። "የሁለት ዓመት ከሆነ ይተርፈዋል።"

ሰብሳቢው ለመዝጋት "ዛሬ ምንም አልተወሰነም ብለሽ ጻፊ" አሉ። ጸሐፊዋ ዛሬ ምንም አልተወሰነም ብላ ጻፈች። ከሥሩም ሚኒባሱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዷል ብላ ጻፈች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ሁለተኛው ውሳኔ ስላልሆነ በቃለ ጉባኤ ውስጥ ቦታ እንደሌለው ተናገሩ። ዶኛ ሬሚሂያ "ውሳኔማ ቢሆን ትሽሩት ነበር" አሉ። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ከጸሐፊዋ ተቀበሉ። ከዚያም በሁለቱም መስመር ሥር ፈረሙ።

ስብሰባው ከምሽቱ 1፡10 ላይ ተበትኗል።

ቃለ ጉባኤውን የያዘችው፦ ኤርሜሊንዳ አርሴ